የሌብል ማተሚያና የፖርት ግጭት

ከባቱ የሚላከው የአበባ ካርቶን፣ በአዳማ መደብር የሚሸጠው ሸቀጥ፣ በሻሸመኔ መድኃኒት ቤት የሚገኘው ብልቃጥ ሁሉ ማንነቱ የሚታወቀው በላዩ በሚለጠፈው ምልክት ነው። ስለዚህ ሌብል የሚያትመው መሣሪያ ሥራውን ባቆመ ጊዜ ሽያጩም ጭነቱም ይስተጓጐላል፤ የተቈረጠ አበባ ደግሞ ቀን አይጠብቅም። ሆኖም ማተሚያው ዝም ባለ ጊዜ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከኮምፒዩተሩ ጋር በሚነጋገርበት በር፣ ማለት በፖርቱ ላይ የሚነሣ ግጭት ነው።

ፖርት የሚለው ቃል የመርከብ ወደብም መጠሪያ ስለሆነ ነገሩን በዚሁ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። በጅቡቲ ወደብ አንድ መርከብ በያዘው መቆሚያ ላይ ሌላው ሊጠጋ እንደማይችል ሁሉ፣ ኮም 1 ወይም ኮም 2 እየተባለ የሚጠራውን በር አንድ ፕሮግራም ከያዘው ሌላው ሊገባበት አይችልም። የያዘው እስኪለቅ ድረስ ሁለተኛው የክልከላ መልስ ያገኛል።

የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ መጠቀምን ግዴታ ያደረገው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139 በ1999 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ በብዙ መደብሮች መመዝገቢያው፣ ሚዛኑ፣ የባርኮድ ማንበቢያውና የሌብል ማተሚያው ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር ተያይዘው ይገኛሉ። አዳዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ባለዘጠኝ እግሩ የቀድሞ ሶኬት ስለሌላቸው ገመዱ በዩኤስቢ መለወጫ ይገናኛል። ታዲያ መለወጫው ተነቅሎ በሌላ ቀዳዳ የተሰካ እንደሆነ ዊንዶውስ አዲስ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። ትናንት ኮም 3 የነበረው ዛሬ ኮም 5 ይሆናል፤ የሌብሉ ፕሮግራም ግን አሁንም ኮም 3ን ይጠራል።

መፍትሔው በቅደም ተከተል ቢፈለግ ድካም ያቃልላል።

1ኛ፤ ኃይሉ፣ ገመዱና ወረቀቱ ይታይ። ብዙዎቹ ማተሚያዎች የወረቀት መግፊያው ቁልፍ ተጭኖ ሳለ ሲበሩ የሙከራ ወረቀት ያወጣሉ። ይህ ከወጣ ማተሚያው ጤነኛ ነው።

2ኛ፤ ፖርቱን ሊይዙ የሚችሉ ሌሎች ፕሮግራሞች ይዘጉ፤ በተለይም ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡት።

3ኛ፤ ዲቫይስ ማኔጀር ተከፍቶ የፖርቶቹ ዝርዝር ይታይ። የማተሚያው መለወጫ ሲነቀል የሚጠፋው፣ ሲሰካም የሚመለሰው ቁጥር የእርሱ ነው። ይኸው ቁጥር በሌብሉ ፕሮግራም ውስጥ ይሞላ።

4ኛ፤ የሚፈለገው ቁጥር ተይዟል ከተባለ፣ ምናልባት ቀድሞ ተነቅሎ የሄደ መሣሪያ ትቶት ይሆናል። የተሰወሩ መሣሪያዎች እንዲታዩ ታዝዞ፣ ደብዝዞ የሚታየው የዚያ መሣሪያ ስም ይሰረዝ።

5ኛ፤ ማተሚያው ትርጕም የሌለው ፊደል የሚያወጣ ከሆነ በአብዛኛው ጉዳዩ የፖርት ግጭት ሳይሆን የፍጥነት አለመስማማት ነው። በሙከራው ወረቀት ላይ የተጻፈው ልክ፣ ለምሳሌ ፍጥነት 9600፣ ዳታ ቢት 8፣ ፓሪቲ የሌለው፣ ስቶፕ ቢት 1፣ በኮምፒዩተሩም ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

በዚህ ሁሉ መካከል ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። ለማተሚያው ቁጥር ሲፈለግ የሽያጭ መመዝገቢያው ቁጥር መነካት የለበትም። ቁጥሩ ቢዛባ የሽያጩ ፕሮግራም ደረሰኝ ማውጣት ያቅተዋል፤ ያለ ደረሰኝ መሸጥ ደግሞ በሕግ ያስቀጣል። መመዝገቢያው ራሱ የታሸገ ስለሆነ ፈቃድ ካለው የአገልግሎት ማዕከል ባለሙያ በቀር ማንም ሊከፍተው አይገባም። ችግሩ በእርሱ ላይ የታየ እንደሆነ ባለሙያውን መጥራት የሚበጅ ነው።

ግጭቱ ከተፈታ በኋላ እንዳይመለስ፣ እያንዳንዱ መለወጫ የቱ ቀዳዳ ውስጥ እንደሚሰካና ስንት ቁጥር እንደያዘ በዚያው ማተሚያ ታትሞ በገመዱ ላይ ይለጠፍ። የዝርዝሩም ግልባጭ ከሒሳብ መዝገቡ ጋር ቢቀመጥ፣ ጽዳት ሲደረግ ወይም ሠራተኛ ሲለወጥ ገመዱ ቢነቀል ማንም ሰው ወደ ቦታው ሊመልሰው ይችላል።