«እወደዋለሁ» ወይስ «እወዳታለሁ»? የሴቶች ሥዕል በነባሩ የሶማሊ ትረካ እና የጾታ ሰዋስው

አንድ የሶማሊኛ ተናጋሪ «ዋን ጀዕለሀይ» ሲል መውደዱን ይናገራል፤ የተወደደው ወንድ ይሁን ሴት፣ ሰው ይሁን ግመል ግን ከዐረፍተ ነገሩ አይታወቅም። በሶማሊኛ የሦስተኛ መደብ ነጠላ ተሳቢ ድምፅ የለውም፤ ቦታው ባዶ ነው። ይህንኑ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ባዶውን ቦታ እንዳለ ሊያልፈው አይችልም። «እወደዋለሁ» ወይም «እወዳታለሁ» ማለት ግድ ይሆንበታል። «ዋን ኩ ጀዕለሀይ» ቢባልም ችግሩ አይቃለልም፤ «ኩ» ለወንድም ለሴትም ስለሚያገለግል አማርኛው «እወድሃለሁ» ወይም «እወድሻለሁ» ብሎ መቁረጥ አለበት። ስለዚህ በነባሩ የሶማሊ ትረካ ሴቶች እንዴት ተሥለዋል ብሎ በአማርኛ የሚጠይቅ ሰው ሥዕሉን ራሱ በትርጉሙ እየለወጠው ሊሆን ይችላል። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ጥርጣሬ ነው።

«ነባር ትረካ» ስንል የታተመ ልብ ወለድን ብቻ ማለታችን አይደለም። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ በፊት በሀርጌሳ፣ በበርበራና በቦራማ ሰው የሚያውቀው ትረካ በቃል የሚተላለፈው ተረት፣ በመድረክ የሚታየው ተውኔት እና ከራዲዮ የሚሰማው ዘፈን ነበር። ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር እንጥቀስ። አማርኛ በድምፅ የማይለያቸውን «ዐ» እና «ሐ» እዚህ ሥራ ሰጥተናቸዋል፤ ሶማሊኛ በላቲኑ «ሲ» እና «ኤክስ» የሚጽፋቸውን ሁለት የጉሮሮ ድምፆች ይወክላሉ። የግእዝ ፊደል ለጎረቤት ቋንቋ ያስቀመጠው ዕቃ ተገኘ ማለት ነው።

በቅድሚያ ከአንድ የተለመደ ስሕተት መራቅ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ሰዋስዋዊ ጾታን የማኅበረሰብ አመለካከት መለኪያ ማድረግ ነው። ሶማሊኛ ይህን ፈተና ቶሎ ያፈርሰዋል። «ሆዮ» (እናት) በነጠላ አንስታይ ናት፤ «ሆያዳ» ስንል መስተአምሩ የአንስታይ ነው። በብዙ ቁጥር ግን «ሆዮይንካ» ትሆናለች፤ ይህ የተባዕት መስተአምር ነው። «አበ» (አባት) በተቃራኒው በነጠላ ተባዕት ሆኖ ሳለ በብዙ ቁጥር «አበያሻ» ይባላል፤ የአንስታይ መስተአምር ይይዛል። «ናግ» (ሴት) «ናግታ» ተብላ፣ «ሴቶቹ» ሲባል «ናገሃ» ይሆናል፤ «ሃ» የተባዕቱ «ካ» ሌላ መልክ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሶማሌዎች አባቶችን ሲሰበሰቡ እንደ ሴት ያያሉ የሚል ሊቅ እስካሁን አልገጠመንም፤ ቢገጥመንም አናምነውም። ሥዕሉን መፈለግ ያለብን ማን ይናገራል፣ ለማን ይናገራል፣ ንግግሩስ በማን አፍ ይደርሳል በሚለው ላይ ነው።

ተረቱን እንይ። በልጅነቱ ስለ ዴግዴር ያልሰማ የሀርጌሳ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ዴግዴር ስሟ «ረጅም ጆሮ» ማለት ሲሆን ሰው የምትበላ ሴት ናት፤ በረጅም ጆሮዋ ከሩቅ የሚሄደውን ትሰማለች። ንግሥት አራዌሎ ደግሞ ወንዶችን ያኮላሸች ገዥ ተብላ ትተረካለች። በመጨረሻም የገዛ ልጇ ልጅ የሆነ ወንድ እንደገደላት ይነገራል። በሰሜኑ አገር መቃብሯ ነው የሚባል የድንጋይ ክምር ዘንድ ሲደርሱ ወንዶች ድንጋይ ይወረውሩበታል፣ ሴቶች ደግሞ ለምለም ቅጠል ያኖሩበታል የሚል የቆየ ወሬ አለ። ለእኛ ከተረቱ ይልቅ ይህ ልማድ ይናገራል። ታሪኩ አንድ ነው፤ ሰሚው ግን ሁለት ነው፤ እያንዳንዱም የሰማውን በእጁ ይገልጣል። የአራዌሎን ታሪክ «የሴት ክፋት ተረት» ብሎ በአንድ መስመር የሚመድብ መዝጋቢ የድንጋይ ወርዋሪዎቹን ንባብ ብቻ መዘገበ።

ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው በጅግጅጋ አካባቢ ገዥ ስለነበረው ስለ ገራድ ዊል ዋል የሚነገረው ነው። ገራዱ ሰዎቹን ሰብስቦ «ወንዶችን ወንድማማች የሚያደርገውን ወይም ጠላት የሚያደርገውን የበግ ብልት አምጡልኝ» ይላቸዋል። ባለጸጎቹ የሰባውን ሥጋ ይዘው ይቀርባሉ። አንድ ድኻ ግን የሚያመጣው ጠፍቶት ሲጨነቅ ሴት ልጁ «ጉሮሮውን ውሰድ» ትለዋለች፤ ስስት ያጣላል፣ ተካፍሎ መብላት ያዛምዳል ማለቷ ነው። ድኻው እያፈረ ጉሮሮውን ያቀርባል። ገራዱም መልሱ ትክክል መሆኑን፣ ደግሞም የሰውየው አለመሆኑን ያውቃል። እዚህ ላይ የጥበቡ ባለቤት ሴት ናት፤ በአደባባይ የሚናገረው ግን አባቷ ነው። ተረቱ ይህን ርቀት ሳይደብቅ ያሳያል፤ ገራዱ «ማን ነገረህ?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስም ታሪኩ አይቋጭም።

በግጥሙም ዘንድ ተመሳሳይ ርቀት አለ፤ ነገር ግን «ማን ነገረህ?» የሚል ገራድ ለረጅም ጊዜ አልነበረም። ገባይ፣ ጌራርና ጂፍቶ የወንዶች ዓይነቶች ናቸው፤ ቡራንቡር የሴቶች ነው። ገባይ በሸንጎ ይነገራል፤ ሐፊዞች በቃላቸው ይዘው ከአገር አገር ያደርሱታል፣ የገጣሚውንም ስም አብረው ይጠራሉ። ቡራንቡር ግን በሠርግና በሴቶች ስብስብ ይባላል፤ ወንድ ሐፊዝ እዚያ የለም። ሲታድ የሚባለው የሴቶች መንፈሳዊ ውዳሴም እንዲሁ በራሱ ክብ ውስጥ ይቆያል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቃላዊውን ቅርስ መመዝገብ ሲጀመር ሰብሳቢዎቹ በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ሙሴ ሐጂ ኢስማዒል ገላል እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው «ሒክመድ ሶማሊ» ለቋንቋ ጥናት ያለው ዋጋ ታላቅ ነው፤ እኛም ከእሱ ብዙ ተምረናል። ሆኖም መዝጋቢ የሚመዘግበው መግባት ከሚችልበት ጉባኤ ነው። ዘይነብ መሐመድ ጃማ እ.ኤ.አ. በ1991 የሴቶችን ግጥም ለመደመጥ የሚደረግ ትግል አድርጋ ያቀረበችበት ጥናት፣ ከዚያም ሊድዊን ካፕቴይንስ ከመርየን ዑመር ዐሊ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣችው መጽሐፍ ይህን ክፍተት ማሳየት ጀመሩ። ክፍተቱን «ሴቶች አልገጠሙም» ብሎ የተረጎመው የቀድሞው አስተያየት የመዝገቡን ጉድለት የሴቶቹ ጉድለት አድርጎታል።

መድረኩና ራዲዮው ነገሩን ያወሳስቡታል። በመጀመሪያዎቹ የሶማሊ ተውኔቶች የሴት ገጸ ባሕርይን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በራዲዮ ሀርጌሳ ከዘፈኑት ቀደምት ሴቶች አንዷ የሆነችው ሻሚስ አቦከር «ጉዱዶ ዐርዎ» በሚል ስም ትታወቅ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የሴት ድምፅ በራዲዮ መሰማቱ ራሱ ነውር ነበርና የመድረክ ስም መጠለያም ነው። የዘፈኑን ቃል የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው፤ ስለዚህ የምንሰማት ሴት ወንድ የጻፈላትን የሴት ቃል ትናገራለች። የቦራማው ተወላጅ ሐሰን ሼክ ሙሚን እ.ኤ.አ. በ1968 ያቀረበው «ሸቤል ናጎድ» (የሴቶች ነብር) ሴቶችን በሐሰት ጋብቻ የሚያታልል ሰውን ያጋልጣል። ደራሲው ለሴቶች ይቆረቆራል፤ ቢሆንም ተመልካቹ ትምህርቱን የሚወስደው ከተታለለችው ጸጸት ነው። «አታላይ ተጠንቀቅ» ከሚለው ይልቅ «ሴት ሆይ ተጠንቀቂ» የሚለው ጎልቶ ይሰማል። ይህ የእኛ ንባብ ነው፤ በሀርጌሳ ካሴቶቹን እየሰሙ ያደጉ ሰዎች በተቃራኒው ሊከራከሩን ይችላሉ።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንምጣ። ፋራሕ መሐመድ ጃማ ዐውል እ.ኤ.አ. በ1974 በሞቃዲሾ ያሳተመው «አቆንደሮ ዋ ኡ ነዐብ ጀዐይል» በሶማሊኛ የታተመ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ተብሎ ይታወቃል። ርእሱ «አለማወቅ የፍቅር ጠላት ነው» ማለት ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በደርዊሾች ዘመን በሰሜኑ ባሕር ዳርቻ ሲሆን መሠረቱ በቃል ሲነገር የኖረ የሁለት ሰዎች ታሪክ ነው። ዐውራላ ዐሊማሕን ትወደዋለች፤ ፍቅሯንም በደብዳቤ ትገልጥለታለች። እሱ ግን ማንበብ አይችልም። ደብዳቤውን ሌላ ሰው ያነብለታል፤ መከራው ከዚያ ይወለዳል።

የዚህን አቀማመጥ ድፍረት ማሳነስ አይገባም። ጸሐፊዋ ሴት ናት፣ መሃይሙ ወንድ ነው፤ ቀድማ ፍቅሯን የምትናገረውም እሷ ናት። መጽሐፉ የወጣበት ዓመት ደግሞ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ተማሪዎች ለመሃይምነት ማጥፋት ዘመቻ ወደ ገጠር የተላኩበት ነው። ስለዚህ ብዙ አንባቢዎች የመጽሐፉን መልእክት «ፊደል ተማሩ» ብለው መቀበላቸው አያስደንቅም። ግን «አለማወቅ» ማንበብ አለመቻል ብቻ ከሆነ ዐውራላ ለምን ጠፋች? እሷ ታነባለች፣ ትጽፋለችም። ከጥፋት ያላዳናት ነገር ዕጣዋ በቤተ ዘመዶቿ እጅ መሆኑ ነው፤ ፊደል ይህን አልፈታም። መጽሐፉ ለዘመቻው የተመቸ መስሎ ከዘመቻው የሚያልፈው እዚህ ላይ ይመስለናል።

ደብዳቤውን ወደ አማርኛ ስንመልስስ? አንድርዜየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1982 በእንግሊዝኛ ሲያወጣው የሁለተኛ መደብ ተውላጠ ስም አላስቸገረውም፤ እንግሊዝኛም እንደ ሶማሊኛ ለወንድና ለሴት አንድ ቃል አለው። አማርኛ ግን ሁለት ጊዜ ያስመርጣል። መጀመሪያ ጾታን፣ ቀጥሎ ክብርን። ዐውራላ ለዐሊማሕ «አንተ» ብላ ትጽፋለች ወይስ «እርስዎ»? በድሮው የአማራ ጌቶች ቤት ሚስት ባሏን «እርስዎ»፣ ባል ሚስቱን «አንቺ» ይል ነበር። ተርጓሚው «እርስዎ»ን ከመረጠ ደብዳቤው ለአማርኛ አንባቢ የተለመደና ጨዋ ይሆንለታል፤ ነገር ግን በሶማሊኛው የሌለ የመበላለጥ ደረጃ ወደ ጽሑፉ ይገባል፤ ቀና ብላ የጻፈችው ልጅ አንገቷን ትደፋለች። «አንተ»ን ከመረጠ ቅርበቷ ይድናል፤ አንባቢው ግን «እንዴት ደፍራ!» ይላል። እኛ «አንተ»ን እንመርጣለን። ያ ድፍረት በሶማሊኛው በተውላጠ ስሙ ላይ ሳይሆን በተግባሩ ላይ ቢሆንም፣ መጥፋት ግን የለበትም።

አማርኛ በራሱ ቤት ይህን ጣጣ ከመጀመሪያው ልብ ወለዱ ጀምሮ ያውቀዋል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም ያሳተመው፣ ኋላ «ጦቢያ» የተባለው ታሪክ ባለቤቷ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ የምትዞር ልጃገረድ ናት። እንዲህ ያለ ታሪክ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በእያንዳንዱ ግስ ላይ ውሳኔ አለበት፤ ተራኪው «ሄደች» ሲል ገጸ ባሕርያቱ «ሄድህ» ይሏታል። አንባቢው ምስጢሩን በግሱ ቅጥያ ይጠብቃል። በሶማሊኛ ግን «ኬንታይ» «አመጣች» ማለትም፣ «አመጣህ» ወይም «አመጣሽ» ማለትም ነው፤ ሰዎች ፊት ለፊት ሲያነጋግሯት ቋንቋው ከልብሱ ጋር ተስማምቶ ይደብቃታል። ኑረዲን ፋራሕ እ.ኤ.አ. በ1970 ሶማሊኛ ፊደሉን ሳያገኝ በእንግሊዝኛ የጻፈው፣ ከሽማግሌ ባል አምልጣ ወደ ከተማ የምትኮበልለውን የኤብላን ታሪክ የሚተርከው ልብ ወለድም ወደ ሶማሊኛም ሆነ ወደ አማርኛ ሲመለስ በየራሱ መንገድ ይፈተናል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ። «ኢነን» የሚለው ቃል አጽንዖቱ በፊተኛው ክፍለ ቃል ላይ ሲሆን «ወንድ ልጅ»፣ በኋለኛው ላይ ሲሆን «ሴት ልጅ» ነው። የ1972ቱ ፊደል አጽንዖትን ስለማያመለክት ሁለቱ በገጽ ላይ አንድ ናቸው። «ኢነን ባ» ብሎ የሚጀምር ተረት አንባቢውን እስከ ግሱ ድረስ ያቆየዋል፤ «ይሚድ» ካለ ወንድ፣ «ቲሚድ» ካለ ሴት መጣች ማለት ነው። አማርኛም «አንድ ልጅ» ብሎ ሊጀምርና እስከ ግሱ ሊያቆይ ይችላል፤ «መጣ»፣ «መጣች»። እስካሁን የተርጓሚዎች ልማድ ግን ለግልጽነት ሲባል «አንዲት ልጅ» ወይም «አንድ ወንድ ልጅ» ብሎ ከመነሻው መቁረጥ ነው። ተረቱ ሰሚውን ያስጠበቀበት ምክንያት ካለ፣ አማርኛውም እንዲሁ ቢያስጠብቅ ምንም አይጎድልበትም።