የሃልዴን ፍየሎች

ጠላቂ ወደ ባሕር ሲወርድ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመርበታል። የሚተነፍሰው አየርም በዚያው ልክ ስለሚታመቅ ናይትሮጅኑ በሳንባው አልፎ በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ጣጣው የሚመጣው ሲወጣ ነው፤ ግፊቱ ቶሎ ከቀነሰ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ፣ የሟሟው ጋዝ አረፋ ይሆናል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ካረፈ ያሠቃያል፤ ኅብለ ሰረሰር ላይ ካረፈ ሽባ ያደርጋል። የበሽታው ምክንያት ናይትሮጅን መሆኑን ፈረንሳዊው ፖል ቤር በ1878 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ጠላቂው በምን ፍጥነት ይውጣ ለሚለው ጥያቄ ግን አጥጋቢ መልስ የተገኘው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ያ መልስ፣ ማለትም የአወጣጥ ሠንጠረዡ፣ እስከ ዛሬ የዘለቀው ጽንሰ ሐሳቡ እንከን ስለሌለው አይመስለኝም፤ በሕያው ገላ ላይ ስለተፈተነ ነው።

ሥራው የተጀመረው በብሪታንያ ባሕር ኃይል ጥያቄ ነበር። የፊዚዮሎጂ ሊቁ ጆን ስኮት ሃልዴን ከባልደረባው ከቦይኮትና ከባሕር ኃይል መኮንኑ ከዳማንት ጋር ሆኖ ለንደን በሚገኘው ሊስተር ኢንስቲትዩት ፍየሎችን የብረት ክፍል ውስጥ አስገብቶ አየር ያምቅባቸው፣ ከዚያ ያስተነፍሰው ነበር። ፍየል ሕመሟን አትናገርም፤ ግን የፊት እግሯን አንሥታ መሬት ለማስነካት እምቢ ስትል አረፋው መገጣጠሚያዋ ላይ መድረሱ ይታወቅ ነበር። ሃልዴን ግፊቱ ከሁለት ከባቢ አየር ወደ አንድ በአንዴ መውረዱ ጉዳት እንደማያመጣ አስተዋለ። እንግዲያው ከስድስት ወደ ሦስት መውረድም አይጎዳም ብሎ ገመተ፤ ፍየሎቹም ግምቱን አጸኑለት። የቀድሞው ልማድ ከታች እስከ ላይ እኩል እያዘገሙ መውጣት ነበር። ይህ ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ ጠላቂው ጥልቁ ላይ ሲያዘግም ጋዝ ቀስ ብሎ የሚገባባቸው የሰውነት ክፍሎች ገና ናይትሮጅን እየጠጡ ነው። ሃልዴን ጠላቂውን ግፊቱ በግማሽ እስኪቀንስ ቶሎ አስወጥቶ፣ ከዚያ በየ3 ሜትሩ ያህል አስቆመ፤ ማቆሚያው ወደ ላይ በቀረበ ቁጥር ቆይታው ይረዝማል። ሠንጠረዡ በ1908 ታተመ።

ፍየል ሰው አይደለችም የሚል ይኖራል። ሃልዴንም ይህን አልሳተውም፤ የፍየል ደም ከሰው ይልቅ ፈጥኖ ስለሚዘዋወር ናይትሮጅኑም በእሷ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ይወጣል። ስለዚህ ለሰው ጊዜውን አስረዘመ፤ በ1906ም ዳማንት ራሱ ከባልደረባው ካቶ ጋር በስኮትላንድ ባሕር እስከ 64 ሜትር ወርዶ በሰላም ወጣ። የእንስሳቱ ስቃይ ግን የሚካድ አይደለም፤ ከፍየሎቹ የሞቱም ነበሩ። ሆኖም ከዚያ በፊት መፈተኛው ሰው ነበር፤ የብሩክሊን ድልድይ መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ለድልድዩ መሠረት በታመቀ አየር ውስጥ ሲሠራ በዚሁ በሽታ ጤናውን ያጣው በ1872 ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ጽንሰ ሐሳቡን ራሱን ይነካል። የሃልዴን ስሌት የግፊቱ ወሰን እስካልታለፈ ድረስ አረፋ የለም የሚል ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን በድምፅ ሞገድ የሚያዳምጥ መሣሪያ ምንም ሕመም በሌላቸው ጠላቂዎች ደም ውስጥ አረፋ አገኘ። ከዚህ ተነሥተው አንዳንዶች ማቆሚያው ጥልቁ ላይ ይጀምር፣ አረፋው ገና በእንጭጩ ይቀጭ አሉ። ሐሳቡ ያማልላል፤ ብዙ ጠላቂዎችም ተቀብለውት ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግን ሁለቱን አወጣጥ፣ ጠቅላላ ጊዜያቸውን እኩል አድርጎ፣ በበጎ ፈቃደኞች ላይ ሲፈትን በሽታው የበዛው ጥልቁ ላይ በቆሙት ዘንድ ሆነ። አረፋ የለም ያለው ሃልዴን ተሳስቶ ሳለ፣ ማቆሚያን ወደ ላይ ማስጠጋቱ ግን ልክ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ጠላቂዎች የእጃቸው አንጓ ላይ የሚያስሩት ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰላው የዙሪኩ ሐኪም አልበርት ቡልማን ከዚሁ ዘዴ ባዳበረው ቀመር ነው። ሃልዴን አምስት የሰውነት ክፍሎችን አስቦ ነበር፤ ቡልማን 16 አደረጋቸው። አብዛኛው መሣሪያ ግን ዛሬም የሚቆጥረው ጥልቀትንና ጊዜን ነው፤ ጠላቂው በብርድ መንቀጥቀጡን ወይም ውሃ ሳይጠጣ መግባቱን አያይም።