አውጫጭኝ፦ ሌባው ሲጠፋ አገሩ የሚከፍልበት ሸንጎ

ዛሬ ሐይቅ ከተማ ላይ ሞባይሉ የተሰረቀበት ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ለፖሊስ ያመለክታል፣ ፖሊስ ይመረምራል፣ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፣ የተሁለደሬ ወረዳ ፍርድ ቤት ይፈርዳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን በቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በአንቀጽ 669 ደግሞ ከባድ ስርቆት እስከ 15 ዓመት ያስፈርዳል። ከዚህ በላይ ስለዚህ መንገድ አልጽፍም። የምወደው ሌላ ነው፤ ወረቀትም ጣቢያም ባልነበረበት ዘመን፣ በሬው ጠፍቶ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የአምባሰልና የሐይቅ ገበሬ የሚቀመጠው አውጫጭኝ።

ሌላ አካባቢ አፈርሳታ ይሉታል። ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም አካሄዱ አንድ ነው። ንብረት የጠፋበት ሰው ለጭቃ ሹሙ ይጮኻል፤ ጭቃ ሹሙ ቀን ቆርጦ የአጥቢያውን ሰው ሜዳ ላይ ይሰበስባል። የቀረ ይቀጣል። የመጣም ነገሩ ሳይጠራ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ እርሻው ቢያርር፣ ከብቱ ቢጠማ ራሱ ያውቃል። ከመካከል የታመኑ ሽማግሌዎች ተመርጠው ለብቻቸው ይቀመጣሉ፣ ሰዉ በየተራ ቀርቦ ይምላል፣ ከዚያም ያየውን፣ የሰማውን፣ የጠረጠረውን ይናገራል። ክርስቲያኑ በመስቀሉ፣ ሙስሊሙ በቁርዓኑ ይምላል፤ ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ አጥር በሚኖሩበት ወሎ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ጎረቤቱን ፊት ለፊት መጠቆም የፈራ ሰውስ? ለእሱ ወፍ አለችለት። ምስጢሩን ለታመነ ሰው ሹክ ይላል፤ ወሬው ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሲደርስ “ወፍ ነገረችኝ” ተብሎ ይደርሳል። የወፊቱን ስም ማውጣት ነውር ነው። ዛሬ ምስክር የሚጠብቅ አዋጅ ወጣ ሲባል እንደ አዲስ ግኝት የሚያደንቁ ሰዎች ይገርሙኛል፤ አያቶቻቸው የምስክሩን ስም ደብቀው ኖረዋል።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልግባ። ብዙ ሰው አውጫጭኝን ከሌባ ሻይ ጋር ይቀላቅላል። ሌባ ሻይ ሌላ ነው፤ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፣ ጭስ ምጎ፣ ወገቡ ላይ በታሰረ ጨርቅ ተይዞ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ የሚባልበት ነበር። እዚያ ማስረጃ የለም፣ መሐላም የለም፤ ያለው የሰከረ ልጅ ነው። አውጫጭኝ ግን የሰው ዓይንና ጆሮ ላይ የቆመ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አውጫጭኝ ይፈርዳል የሚለው ስሕተት ነው። አይፈርድም። ተጠርጣሪ ያወጣል እንጂ። የተጠቆመው ሰው ክዶ ዋስ ጠርቶ ዳኛ ፊት ሊሟገት ይችላል፤ ቅጣቱም የዳኛው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ አለቃ ሠራተኛውን ሰብስቦ ሲያፋጥጥ “አውጫጭኝ አደረገብን” የምትሉ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ስሙን አታርክሱት። አለቃችሁ መርማሪም ከሳሽም ፈራጅም ሆኖ ነው የተቀመጠው።

ነገሩን በእውነት የሚያቆመው ምሰሶ ግን ሌላ ነው፤ ስለ አውጫጭኝ የሚያወራ ሰው ሁሉ ይዘልለዋል። ሌባው ካልተገኘ የአጥቢያው ሰው አዋጥቶ የጠፋውን ይከፍላል። ሐይቅን አልፎ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ያገኘኋቸው አዛውንት በልጅነታቸው አባታቸው የተቀመጡበትን አውጫጭኝ ሲያጫውቱኝ፣ እኔ እንደ ከተማ ሰው ወንጀለኛውን ፍለጋ ገባሁ።

“ሌባው ተገኘ?” አልኋቸው።

“የት ይገኛል! ከፈልን እንጂ።”

“አባትዎ በሬ ነበራቸው?”

“አልነበራቸውም። የሰው በሬ ነው የከፈሉት።”

“አይከፋም?”

“ይከፋል እንጂ ልጄ። ደግሞ ስማ፤ ከዚያ ወዲያ ሌሊት ውሻ ሲጮኽ ተኝቶ የሚያድር አልነበረም።”

እኚህ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሱትን እኔ በብዙ ቃል ልድገመው። ዛሬ የጎረቤትህ በግ ሲነዳ በመስኮት አይተህ መጋረጃህን ብትመልስ የምትከፍለው ነገር የለም። ምስክር ብትሆን ግን ቀጠሮ፣ የትራንስፖርት ወጪ፣ ቂም ይጠብቅሃል። ስለዚህ ዝም ማለት ርካሽ ነው። በአውጫጭኝ ዝምታ ራሱ ዋጋ ነበረው፤ የሚያውቅ ሰው ዝም ካለ እሱም ከኪሱ ያወጣል። ባለ በሬውም ሌባ ተያዘ አልተያዘ ባዶ እጁን አይቀርም። አሁን ግን ሌባው ታስሮም ላሟ ሳትመለስ የምትቀር ባልቴት በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ አለች። የጉዳት ካሣ ከወንጀሉ ክስ ጋር አብሮ መጠየቅ እንደሚቻል የነገራት የለም።

ሰው ለማይዳኘው ሌላ ዘብም ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያቀኑትን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚያውቅ ሰው የብራና መጻሕፍቱን ሀብት ያውቃል። በአገራችን የብራና መጽሐፍ የሰረቀው ወይም የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን እንዲወገዝ የሚጻፍበት ልማድ አለ። ሙስሊሙ ዘንድ ደግሞ ዱዓው አለ፤ አበጋሮች ተቀምጠው የሚያስታርቁበትና የሚረግሙበት ወግ በወሎ ዛሬም ይከበራል። ሌባ ዳኛን ቢያታልል እርግማኑን ይፈራ ነበር።

መንግሥትም ቢሆን ትንሹን ስርቆት ለሰፈር መተው ያውቅ ነበር። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 223፣ የተሰረቀው ንብረት ዋጋ ከ5 ብር ካልበለጠ አጥቢያ ዳኛው በተቻለ መጠን እንዲያስታርቅ፣ እርቁ ካልሆነ እስከ 15 ብር መቀጮ እንዲወስን ፈቅዶለታል። ሕጉ ራሱ እርቅን ከቅጣት አስቀድሟል። በኋላ የመጡት የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶችም የዚሁ መንፈስ ወራሾች ናቸው።

ስወደው ግን ዓይኔን ጨፍኜ አይደለም። አውጫጭኝ ላይ ሁሉም ጣት አንድ ቦታ ሲያርፍ፣ ያ ቦታ ብዙ ጊዜ ዘመድ የሌለው መጤ፣ ሸክላ ሠሪ ወይም ቀጥቃጭ ሆኖ ይገኛል። ወፊቱ ቂመኛ ብትሆንስ ማን ይጠይቃታል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ እንዲቆጠር፣ ምስክሮችንም እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል። በአንቀጽ 34 የባህልና የሃይማኖት ዳኝነት የፈቀደውም ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ስርቆት እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ አውጫጭኝ እንደ ነበረ ይመለስ የሚል ሰው ካለ ከእኔ ወገን አይደለም። በሽማግሌ “ጨርሰናል” ብላችሁ ከፖሊስ መዝገብ የምትሸሹም ሕጉን አንብቡ፤ ስርቆት ባመዛኙ የዐቃቤ ሕግ ክስ ነው፣ የእናንተ እርቅ ቅጣት ያቀልል እንደሆነ እንጂ መዝገቡን በራሱ አይዘጋም።

ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የምታጠኑ ልጆች፣ እነዚህን አዛውንቶች ሄዳችሁ ስትጠይቁ “ሌባው ማን ነበር?” ብላችሁ አትጀምሩ። “ሌባው ባልተገኘ ጊዜ ማን ስንት ከፈለ?” በሉና ጻፉት።