ዋዛና ቁም ነገር በሥራ ጽሑፍ

በላፍቶ መንደሮች ውስጥ ለውስጥ የሚያልፍ ሰው በየመታጠፊያው አንድ ትንሽ ሱቅ ያገኛል። ከዘይቱና ከስኳሩ፣ ከሳሙናውና ከክብሪቱ በላይ፣ ዓይን በቀላሉ በሚያርፍበት ስፍራ፣ ብዙውን ጊዜ በካርቶን ላይ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፎ ይታያል። ቃሉ ከሱቅ ሱቅ ይለያይ እንጂ መንፈሱ አንድ ነው፤ ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ግን አለ ይላል። በማግሥቱ የተመለሰ ደንበኛም ያንኑ ጽሑፍ እንደ ተለጠፈ ያገኘዋል። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ የላፍቶ ብቻ አይደለም፤ በመላው አዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች የታወቀ ነው።

ያነበበው ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ነገር ግን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ይህች አጭር ጽሑፍ ከባድ ሥራ የምትሠራ ናት። ባለ ሱቁ ገንዘቡ ጥቂት ነው። የዛሬው ሽያጭ የነገው ዕቃ መግዣ በመሆኑ አምስት ስድስት ጎረቤት ዱቤ ወስዶ ወር ቢያቆይበት መደርደሪያው ባዶ ይቀራል። በሌላ በኩል ደግሞ ዱቤ የሚጠይቀው ሰው እንግዳ አይደለም። ዕድራቸው አንድ ነው፤ ልጁም ዳቦ ግዛ ተብሎ የሚላከው ወደዚያው ሱቅ ነው። «አልሰጥህም» ቢለው ደንበኛውንና ጎረቤቱን ባንድ ቀን ያጣል፤ ቢሰጠው ደግሞ ሱቁን ያጣል። ቀልዱ የሚገባው እንግዲህ በዚህ መካከል ነው። ጽሑፉ ማንንም በስሙ አይጠራም፤ እምቢታው ለሁሉም የተነገረ ስለ ሆነ ተለይቶ የተዋረደ የለም፤ ጠያቂውም ነገሩን ወደ ሣቅ ለውጦ ክብሩን እንደ ያዘ ለመመለስ ይችላል። (ባለ ሱቁ ለሚያምነው ሰው ከመደርደሪያው ሥር የዱቤ ደብተሩን ማውጣቱ መቼም አይቀርም። ይህም ቢሆን ማስታወቂያውን አያፈርሰውም።)

የከተማችን ሰው ደረቁን የሥራ ነገር ለዛ ባለው ቃል መጥራት ልማዱ ነው። ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ስም ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር ተጣምሮ የክፍለ ከተማው መጠሪያ የሆነው ነፋስ ስልክ ግን ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው ጣቢያ የተገኘ ስም ነው። በደርግ ዘመንም ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡባት ታክሲ «ውይይት» ተብላ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰው በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ ለውይይት ይጠራ ስለ ነበር ስሙ ምን ማለት እንደ ሆነ ማንም አስረጂ አላስፈለገውም።

ስለ ታክሲ ካነሣን ዘንድ ከሳሪስ፣ ከመካኒሳ ወይም ከጀሞ የሚነሣውን ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ እንመልከት። በውስጡ የሚለጠፉት ጥቅሶች ራሳቸውን የቻሉ ሥነ ጽሑፍ ሆነዋል። ሒሳብን ሳይጠየቁ መክፈል የሥልጣኔ ምልክት መሆኑን የሚናገሩ አሉ፤ መልስ ከመውረድ በፊት እንጂ ከወረዱ በኋላ እንደማይጠየቅ የሚያስታውሱም አሉ። ረዳቱ ብዙ ጊዜ ገና ወጣት ነው። ገንዘብ የሚጠይቃቸው ሰዎች ግን አባቱን የሚያህሉ ሽማግሌ፣ ባለ ከረባት ሹም፣ አንዳንዴም የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ናቸው። ማዘዝ የማይችል ሰው ማሳቅ ከቻለ ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ጥቅሱ ስለ ረዳቱ ሆኖ ይጠይቅለታል።

ዳሩ ግን በዚያው መስታወት ላይ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ይገኛል። ሴቶችን ገንዘብ ወዳድ አድርጎ የሚያፌዝ፣ መልከ ጥፉውን ወይም ድኻውን የሚነካ ጥቅስ አለ። ከሥሩ የተቀመጠችው ወጣት ሒሳብዋን ከፍላለች፤ መኪናው እስኪቆም ድረስም ልትወርድ አትችልም። የምትመልስበት ስፍራ የላትም። ሁለቱም ጽሑፎች ቀልድ ይባሉ እንጂ በእኔ አስተያየት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ከአቅመ ቢሱ ተነሥቶ አቅም ወዳለው የሚወጣ ነው፤ ሁለተኛው ግን መሄጃ በሌለው ሰው ላይ የሚወርድ ነው።

ወደ ታች የሚወርድ ቀልድ አንዳንድ ጊዜ ተወርዋሪውን ራሱን መልሶ ይመታል። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የነበሩት አለቃ ገብረ ሐና ከልጃቸው ከተክሌ ጋር ስማቸው በተክሌ አቋቋም የሚነሣ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ ሕዝቡ ግን ይልቁንም የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው። ከሚነገሩላቸው ጨዋታዎች አብዛኞቹ ባለ ሥልጣንንና ባለጸጋን የነኩባቸው ናቸው። አንድ ቀን ግን አህዮች የምትነዳ ሴት በመንገድ አግኝተው፣ የአህዮች እናት ብለው እንዴት አደርሽ አሏት፤ እርስዋም ሳትቆም፣ እንደምን አደርክ ልጄ ብላ መለሰችላቸው ይባላል። ሊቁ ያን ዕለት ምን እንዳሉ አልተነገረም።

የባሕር ማዶ ነጋዴዎችም ይህን ነገር በብዙ ገንዘብ ተምረውታል። በ1959 እ.ኤ.አ. ዶይል ዴን በርንባክ የተባለው የኒውዮርክ የማስታወቂያ ድርጅት በኛም አገር በፍቅር የምትታወቀውን ቮልስ ለአሜሪካኖች የማስተዋወቅ ሥራ ተቀበለ። አሜሪካኖች በዚያን ጊዜ ረዥምና ሰፊ መኪና ወዳዶች ነበሩ። ድርጅቱ የመኪናዋን ትንሽነት ከመደበቅ ይልቅ በሰፊ ነጭ ገጽ ላይ በጣም ትንሽ አድርጎ አሳያትና፣ በትንሹ አስቡ ሲል ጻፈበት። ቀጥሎም በሌላ ማስታወቂያ ላይ ከመኪናዋ ሥዕል በታች «ሎሚ» ብሎ ጻፈ፤ ይህም በአሜሪካኖች አነጋገር ብልሽት ያለበት ዕቃ ማለት ነው። አንባቢው ተደንቆ ወደ ታች ሲያነብ፣ ይህችን መኪና የፋብሪካው ተቆጣጣሪ በአንዲት ጌጥ ላይ ባገኘው ትንሽ እንከን ምክንያት ለሽያጭ እንዳትወጣ ማድረጉን ይረዳል። ሻጩ በራሱ ላይ ቀለደ፤ ገዢው ግን ይበልጥ አመነው።

በ1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጄራልድ ራትነር የተባለ እንግሊዛዊ የጌጣጌጥ ነጋዴ በለንደን በሮያል አልበርት አዳራሽ ለድርጅት መሪዎች ንግግር ሲያደርግ፣ አንዱ ዕቃው እንዴት እንዲህ ሊረክስ እንደ ቻለ ሰዎች እንደሚጠይቁት አንሥቶ፣ የማይረባ ስለ ሆነ ነው ሲል በጸያፍ ቃል መለሰ። አዳራሹ ሣቀ። ጋዜጦች ወሬውን ካወጡት በኋላ የኩባንያው ዋጋ 500 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ወረደ፤ ሰውዬው በ1992 ሥራውን ለቀቀ፤ ኩባንያውም በተከታዩ ዓመት ስሙን ለወጠ። ላይ ላዩን ሲታይ ይህም ሰው እንደ ቮልስ ሻጮች በራሱ ዕቃ ላይ ነበር የቀለደው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ያን ዕቃ ለእጮኛው ገዝቶ የሰጠ ወጣት ጋዜጣውን ሲያነብ የተሣቀበት ማን እንደ ሆነ ወዲያው ገብቶታል።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤት እንግባ፤ የዚህ ገጽ አንባቢዎች ብዙዎቹ በዚያ የሚሠሩ ወይም ነገ የሚገቡ ናቸውና። በቀድሞው ዘመን የኢትዮጵያ ሰው ጉዳዩን የሚያስፈጽመው በአፉ ነበር። በበላ ልበልሃ ሙግት ጠበቃው ነገሩን በግጥምና በለዛ አስጊጦ ሲያቀርብ ተሰብሳቢው እየሣቀ ዳኛውም እየሰማ ይከራከር ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ከሾሙ ወዲህ ግን ጉዳይ ቀስ በቀስ ከአደባባይ ወደ ወረቀት ገባ። «ጉዳዩ» ብሎ የሚጀምረው፣ «ከሰላምታ ጋር» ብሎ የሚያበቃው፣ ከግርጌው ግልባጭ የሚደረደርበት ደብዳቤ ደረቅ ነው እየተባለ ይታማል። በቡና ሰዓት ጓደኞቹን በሣቅ የሚገድል ጸሐፊ ስንኳ ብዕር ሲያነሣ ፊቱን ያጠቁራል። ወጣቶች ይህን ለመለወጥ ቢፈልጉ አያስደንቅም፤ በስልክ በሚላከው አጭር መልእክትና በቴሌግራም የለመዱት ጨዋታ ወደ ሥራ ጽሑፋቸው ሲገባም ይታያል።

የደብዳቤው ድርቀት ግን ምክንያት አለው። ወረቀት ፊት የለውም። ባለ ሱቁ ፈገግታውን ከማስታወቂያው ጋር አብሮ ያሳያል፤ ደብዳቤ ግን በመዝገብ ቤት ያልፋል፤ ግልባጩ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል፤ ከዓመታትም በኋላ ጸሐፊውንም ጊዜውንም የማያውቅ ሰው ከፋይል አውጥቶ ያነበዋል። ቋንቋችንም ለዚህ የራሱ ችግር አለው። አማርኛ ሲነገር የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል ሲጻፍ አይለይም። ሰምና ወርቅ ለሚቀኝ ሰው ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ለሒሳብ ሹም ግን ወጥመድ ነው። አንድ ተበዳሪ «ክፍያው ገና ነው» ብሎ ቢጽፍ ፊደሉን አላልቶ ያነበበው አበዳሪ ገንዘቡ እንዳልተዘጋጀ ይረዳል፤ አጥብቆ ያነበበው ግን ታኅሣሥ 29 እስኪደርስ ይጠብቃል። ሁለቱም በትክክል አንብበዋል።

ከሁሉ የሚያሠጋው ግን የማመልከቻ ኅዳግ ነው። ሹሙ ማመልከቻውን ወደሚመለከተው ክፍል ሲመራ በዚያች ጠባብ ስፍራ ላይ ጥቂት ቃላት ይጽፋል። ቀልድ የሚወድ ሹም ከሆነ ስለ ባለ ጉዳዩ የእጅ ጽሑፍ ወይም ስለ ልመናው ርዝመት አንድ ነገር ጣል ማድረግ ያምረዋል። ጸሐፊዋ ትሥቃለች፤ መዝገብ ቤቱም ይሥቃል። ባለ ጉዳዩ ግን ያን ወረቀት ለማጻፍ ገንዘብ የከፈለ፣ ከሥራው ቀርቶ አምስት ቀን የተመላለሰ፣ ምናልባትም ቤቱ ሊፈርስበት የደረሰ ሰው ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ተቀብሎ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ኅዳጉን ያነበዋል። ማኅተሙ በሹሙ እጅ ስለ ሆነ እንደ አህያ ነጂዋ ሴት መልስ ሊሰጥ አይችልም። መሣቁን ይሥቅ ይሆናል፤ ይህ ሣቅ ግን ጉዳዩ እንዳይበላሽበት የሚከፍለው ግብር ነው።

ሥልጣን ወይም መድረክ ያለው ሰው ፈጽሞ አይቀልድ ማለቴ አይደለም። በ1984 ዓ.ም. ያረፉት ጋዜጠኛ ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዳቸው አንባቢው ለሚጽፍላቸው ለማናቸውም ጥያቄ፣ ከፍቅር እስከ ሕክምና፣ ከታሪክ እስከ ሰማይ ከዋክብት፣ አጭርና ለዛ ያለው መልስ ይሰጡ ነበር። አንዳንዱን ጠያቂ ይሸነቁጡት እንደ ነበር አይካድም። ነገር ግን ጠያቂው ወድዶ የጻፈ ነው፤ የጨዋታውን ጠባይ ያውቃል፤ ቅር ቢለውም እንጀራው አይቋረጥም። በዚያ ላይ ዕውቀት ለፈለገ ሰው ዕውቀቱ ከቀልዱ ጋር ተሰጥቶታል። በቢሮ መስኮት የቆመ ባለ ጉዳይ ግን ለጨዋታ የመጣ አይደለም፤ የሚፈልገው የጎደለው ማስረጃ የትኛው እንደ ሆነ፣ ወደ የትኛው ክፍል እንደሚሄድና በስንት ቀን እንደሚያልቅለት ነው። ይህ በግልጽ ከተጻፈለት ደረቅ ነው ብሎ አያማርርም።

በእኩዮች መካከል የሚደረግ መጻጻፍ ሌላ ነው። አንድ የመርካቶ አከፋፋይ ለላፍቶ ደንበኛው የሚከተለውን ቢጽፍ እኔ አልነቅፈውም፦ «የላክንላችሁ የሒሳብ መጠየቂያ እነሆ አምስት ወር ሆነው፤ ጥርስ ሳያበቅል ብንገናኝ ደስ ይለናል። ቀሪው ሒሳብ 18,400 ብር ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ በተለመደው የባንክ ቁጥራችን እንድታስገቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ጥርሱ ቢነሣ ገንዘቡ፣ ቀኑና ባንኩ ይቀራሉ፤ ደብዳቤውም ሥራውን ይሠራል። ብቻ አከፋፋዩ ከመላኩ በፊት በስልክ የሰውዬውን ደኅንነት ይጠይቅ። አምስት ወር ሙሉ ያልከፈለው በሕመም ወይም በለቅሶ ምክንያት ሆኖ ከተገኘ ያች የጥርስ ዐረፍተ ነገር ትውጣና ሌላው እንዳለ ይላክ።