ቤትም ፊት አለው

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። የቀረበው ምግብ ቢጣፍጥም የባለቤቱ ፊት ከጠቆረ ጉርሻው አይወርድም። ፊቱ ከፈካ ግን ቆሎም ያጠግባል።

ታዲያ ቤትስ ፊት የለውም ትላላችሁ? አለው እንጂ! ወደ ቤት ስንገባ፣ ማንም ሳይናገር ዓይናችን ያያል። ዓይን ያየው ወደ ልብ ይገባል። ጠባያችንም ያንኑ ይከተላል።

የድሮውን የሐረር ጀጎል ቤት እንመልከት። በትልቁ ክፍል ውስጥ 5 መደቦች አሉ። አንዳንዱ ከፍ ይላል፤ አንዳንዱ ዝቅ ይላል። ለትልቅ ሰው የሚለቀቀው ቦታ የታወቀ ነው። ሥርዓቱን የሚያውቅ እንግዳ ዙሪያውን አይቶ ቦታውን ይለያል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶች ደግሞ ዓይኑን ደስ ያሰኙታል። ቤቱ አፍ ሳይኖረው ይናገራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ገጠር ጎጆ እንምጣ። መስኮት የሌለው ጎጆ ብዙ ነው። ግድግዳው በጭስ ጠቁሯል። በዚህ ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት እናት ታመው መደብ ላይ ተኝተዋል እንበል። ፊታቸው ወደ ጥቁሩ ግድግዳ ነው። ጠዋትና ማታው አይለይላቸውም። ጨዋታም ትተዋል።

«መስኮት እናውጣላቸው» አለ ልጃቸው።

«ብርዱስ? ሌባውስ?» አለች ሚስቱ።

«ትንሽ እናደርገዋለን። መዝጊያም እሠራለታለሁ» አላት።

መስኮቱ ወጣ። ብርሃን ገባ። ሚስት ቀና ብላ አየችና ደነገጠች። «ይህን ሁሉ ጥላሸት ተሸክመን ነው እንዴ የኖርነው?» አለች። ያን ዕለት ጥጋጥጉ ሁሉ ተጠረገ። ዓይን ያላየውን መጥረጊያ አይነካውማ! እናትየውም ወደ ውጭ ተመለከቱ። «ልጄ፣ ያ የሚያልፈው ማነው? ገብሱስ እንዲህ አሸተ እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ጨዋታቸው ተመለሰ።

ይህ ነገር በሆስፒታልም ታይቷል። በአሜሪካ አገር፣ በፔንሲልቬንያ፣ ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ተመራማሪ የ46 በሽተኞችን መዝገብ መረመረ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1972 እስከ 1981 ድረስ በአንድ ሆስፒታል የተኙ ናቸው። ሁሉም የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። 23ቱ በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ ነበር። የቀሩት 23ቱ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ነበር። ዛፍ ያዩት በአማካይ ቀደም ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ብርቱ የሕመም ማስታገሻም የወሰዱት ያነሰ ነው። ጥናቱ በ1984 ታተመ።

ብርሃንም የራሱ ሥራ አለው። የቀን ብርሃን በዓይን ገብቶ ለአንጎል «ነግቷል» ይለዋል። የማታው ጨለማ ደግሞ «መሽቷል፣ ተኛ» ይለዋል። ቀኑን ሙሉ በጨለማ የሚውል ሰው ቀን ሊጫጫነው፣ ሌሊት እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. መስኮቱን ነፋስ በማይበረታበት በኩል አውጡ። የጠዋት ፀሐይ ቢያገኘው መልካም ነው። ዋናዎቹን ቋሚ እንጨቶች አትቁረጡ። የተቆረጠውን ማገር ከመስኮቱ መቃን ጋር አጥብቃችሁ እሰሩ።

2. ጥላሸቱን ጠርጋችሁ ግድግዳውን መርጉ። ሲደርቅ ኖራ ቀቡት። ጥቁር ግድግዳ ብርሃንን ይውጣል። ነጭ ግድግዳ ግን መልሶ ለቤቱ ይሰጣል። ኖራ ከሌለ ነጭ አፈርም ይሆናል።

3. በኖራ ተጠንቀቁ! ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል። ውሃውን በኖራው ላይ አታፍስሱ። ኖራውን ጥቂት በጥቂት ወደ ውሃው ጨምሩ። ልጆችን አርቁ። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

4. ምድጃውን ከተቻለ ወደ ማድቤት አውጡ። አለዚያ ጭሱ ነጩን ግድግዳ መልሶ ያጠቁረዋል። ዓይንንና ሳንባንም ይጎዳል።

መስኮት መድኃኒት አይደለም። የታመመ ሰው መታከም አለበት። ነገር ግን ከሕክምና እስኪመለስም ሆነ ከተመለሰ በኋላ የሚተኛው ከቤቱ ነው። ዓይኑ የሚውለው እዚያው ነው። ፍትፍት ባይኖረን እንኳ ለቤታችን የፈካ ፊት እንስጠው።

እንወያይበት

• ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው ምን ላይ ነው?
• በቤታችሁ የታመመ ሰው ቢተኛ ምን እያየ ይውላል?
• ልጆቻችሁ ቀን ቀን ፊደል የሚያዩት በየትኛው የቤቱ ክፍል ነው? ብርሃኑ ይበቃቸዋል?