ኀፍረቱን አለመቀበል

በመተማ ዮሐንስ ሁለት ወንድ ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው እስከ ሱዳኗ ገላባት መሻገሪያ ቢሄዱ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች በአንድ ዳስ ጎን ለጎን ተኝተው ያድራሉ፤ ማንም ክፉ አያስብም። ስለ አንዱ ወሬ የተነሳ ዕለት ግን ያ መያያዝ፣ ያ አብሮ ማደር ሁሉ ማስረጃ ይሆናል። «ድሮም ጠርጥሬ ነበር» የሚለው ይበዛል።

ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅር ልጅ ይህን ስለሚያውቅ ገና ማንም ሳይነካው በራሱ ላይ ዘብ ይቆማል። አረማመዱን ይጠብቃል፣ ድምፁን ያጎረንናል፣ ቡና ላይ እንደ እሱ ያሉት ሲሰደቡ ከሁሉም ቀድሞ ይስቃል። ዓመታት ሲያልፉ ስድቡን ያምነዋል። ያኔ ለአስፈራሪ የተመቸ ይሆናል፤ «ለእናትህ እነግራታለሁ» ያለው ሁሉ የቀን ገቢውን ይወስድበታል። እሱም ቅጣት የሚገባው ስለሚመስለው ዝም ብሎ ይከፍላል።

ሕጉ ፍርሃቱን ያበረታዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ጾታ ጋር የሚፈጸም ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል። ሆኖም አንቀጹ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው፤ ሰውን በልቡ በሚወደው ሰው ምክንያት የሚከስ ሕግ የለንም። መኖሩ ራሱ ወንጀል ለሚመስለው ልጅ ይህን ማወቅ ትንሽ ነገር አይደለም።

ድፍረት ሲባል አደባባይ ወጥቶ መናገር ብቻ ይመስለናል። ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለውን የመብት ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት ፋሪስ ኩቺ ገዛኸኝ በስማቸውና በመልካቸው ይናገራሉ፤ የሚኖሩት ግን ኦስትሪያ ነው። እዚህ አገር ቤት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ ሕዝቡ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ጥቆማ እንዲሰጥ ጠይቆ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ። በዚያው ክረምት በቲክቶክ ተመሳሳይ ጾታ ያፈቅራሉ የተባሉ ሰዎች ስምና ፎቶ «ይገረፉ፣ ይገደሉ» ከሚል ጥሪ ጋር ተሰራጨ። እንዲህ ባለ ጊዜ የመተማን ልጅ «ራስህን ግለጥ» ብሎ መምከር ይከብደኛል፤ ዋጋውን የሚከፍለው መካሪው አይደለምና።

የልጁ ድፍረት ሌላ መልክ አለው። ስድቡ ሲወርድ አለመሳቅ ድፍረት ነው። ዘመድ አዝማድ «መቼ ነው የምትዳረው?» እያለ ሲያስጨንቀው፣ የማይወዳትን ልጅ አግብቶ የእሷንም ዕድሜ አለማበላሸት ከዚህ የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል። በጸሎቱ ራሱን መርገም ማቆምም እንዲሁ። እነዚህን ማንም አያይለትም፣ ማንም አያጨበጭብለትም፤ እኔ ግን ከአደባባዩ ንግግር አላሳንሳቸውም።

መሸሻም ቅርብ አይደለም። ማዶ ሱዳን በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ከወንጀል ሕጓ አንቀጽ 148 ግርፋቱንና የሞት ቅጣቱን ብታነሳም እስራቱ እንዳለ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እዚያ የተነሳው ጦርነት ሰውን የሚያሻግረው ወደ መተማ ነው። ስለዚህ ልጁ የሚኖረው እዚሁ፣ ከእናቱና ከጎረቤቱ ጋር ነው፤ ራሱን ቢቀበልም የሚታመን አንድ ሰው ካላገኘ ብቻውን ብዙ አይዘልቅም። ያ ሰው ለመሆን ሁሉን መረዳት አያስፈልግም። የአንድ ሰው ቪዲዮ ስልካችን ላይ ሲደርስ ለሌላ አለመላክ፣ የላከልንንም «በዚህ ምክንያት ሰው ሊሞት ይችላል፣ አጥፋው» ማለት ይቻላል።