የዕጣን ዘይት፤ ሙጫው ሌላ፣ ጠብታው ሌላ

ዕጣን ለቡናም ለጸሎትም እንደሚጨስ ለእኛ አንባቢ ማስረዳት ድፍረት ነው። የዛፉ ቅርፊት ሲፋቅ ሙጫ ያነባል፣ ሙጫው ደርቆ ይለቀማል፤ በቃ። እኔ የምወደው በትንሽ ጥቁር ጠርሙስ የሚሸጠውን ዘይቱን ነው።

አወጣጡ አረቄ ሲወጣ ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሙጫው ከውሃ ጋር ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ቱቦ ያልፋል፣ ዘይቱም ከውሃው ላይ ይንሳፈፋል። አብዛኛው ሙጫ ግን ከድስቱ ግርጌ ተጣብቆ ይቀራል። ክርክሬ ያለው እዚያ ዝቃጭ ውስጥ ነው።

አንድ ሱቅ ውስጥ ሻጩ ለአንዲት እናት፣ «እማማ፣ ጠዋትና ማታ ጉልበትዎን ይሹበት፤ ቦስዌሊክ አሲድ አለው» ሲል ሰምቼ አንጀቴ አረረ። ቦስዌሊክ አሲድ በእርግጥ ተጠንቷል። ቦስዌሊያ ሴራታ ከሚባለው ከሕንድ ዕጣን ሙጫ ተዘጋጅቶ በአፍ የሚወሰደው መድኃኒት የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመምን ሊያቀል እንደሚችል አነስተኛ ጥናቶች አመልክተዋል። ነገር ግን ይህ አሲድ 30 የካርቦን አቶም የተሸከመ ከባድ ሞለኪውል ስለሆነ በእንፋሎት አይነሳም፤ ከድስቱ ጋር ይቀራል። በእንፋሎት የወጣ ንጹሕ ዘይት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ስለ ሙጫው የተጻፈውን ሁሉ ጠርሙሱ ላይ መለጠፍ ገዢን ማሞኘት ነው።

ታዲያ ጠርሙሱ ውስጥ ምን አለ? እዚህ ላይ የእኛው ዛፍ ራሱን የቻለ ነው። በመተማ፣ በሁመራና በአበርገሌ የሚበቅለው ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ዘይቱ በአብዛኛው ኦክታይል አሲቴት ነው፤ ብርቱካን ውስጥም የሚገኝ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ነገር። የኦማኑ ዘይት ግን ብዙውን ጊዜ አልፋ ፓይኒን ስለሚበዛበት ጥድ ጥድ ይላል። ሁለቱም «የዕጣን ዘይት» ተብለው ይሸጣሉ። አንዱ ላይ የተደረገ ጥናት ለሌላው ምስክር አይሆንም፤ ስለዚህ የዛፉ ሳይንሳዊ ስም ያልተጻፈበትን ጠርሙስ አትግዙ።

ዕጣን መንፈስን ያረጋጋል የሚባለውም ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኢንሴንሶል አሲቴት የተባለው የሙጫው ክፍል የአይጦችን ጭንቀት ሲቀንስ አሳይቷል። አይጥ ግን አይጥ ነው። ለእኔ ማታ ውሃ ባለው ማትነኛ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ማድረግ ይበቃኛል፤ ቤቱ ይታወዳል፣ የከሰል ጭስም የለም።

ቆዳ ላይ ከሆነ በአንድ የሻይ ማንኪያ የወይራ ወይም የሰሊጥ ዘይት አንድ ጠብታ ጣል አድርጉ። ሳይበረዝ የሚቀቡ፣ በሻይ የሚጠጡ፣ የሕፃን አፍንጫ ሥር የሚያስነኩ ሰዎች አሉ፤ ተዉ! ክዳኑን ከፍቶ መስኮት ላይ ማስቀመጥም ያበላሸዋል፤ አየርና ብርሃን የነካው አሮጌ ዘይት ቆዳን ያስቆጣል።

ዛፉም ቢሆን እያለቀብን ነው። ከብትና እሳት ችግኙን አያስተርፉትም፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ተንብዮአል። ዋጋው ሲወደድ ማጭበርበሩም ይበረታል። ስትገዙ አንዲት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉና ጠብቁ። ንጹሑ ተንኖ ይጠፋል፤ የምግብ ዘይት የተቀላቀለበት ግን የቅባት ክቡን እዚያው ትቶ ይቀራል።